የፖግስ የ1985 አልበም፦ የመርከበኛ ዘፈን ነው ወይስ የቆፋሪ?

የሌሊት ፈረቃ (ማንችስተር) ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ማንችስተር አካባቢ በባቡር ሐዲድ ጥገና ላይ እሠራለሁ፤ ሥራችን ሌሊት ነው። አለቃችን ጡረታ ለመውጣት የተቃረበ አየርላንዳዊ ነው። ወደ ሥራ ቦታ በሚወስደን መኪና ውስጥ ዘወትር የሚያሰማን አንድ ባንድ አለ፤ ፖግስ ይባላል። ከሁሉ የሚወደው በ1985 የወጣውን «ረም፣ ሶዶሚ ኤንድ ዘ ላሽ» የተባለውን አልበም ነው። ከመኪናው ስወርድ ዜማው አብሮኝ ይወርዳል፤ ሐዲድ ላይ ጎንበስ ብዬም ይከተለኛል።

ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። ሽፋኑ ላይ በማዕበል የሚንገላታ ታንኳ መሳይ ነገር አለ፤ ርዕሱም የባሕር ኃይል ነገር ነው ይሉኛል። «ናቪጌተር» የሚለው ዘፈን ሲመጣ ግን አለቃችን ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እኔ የምሰማውም ስለ መርከብ ሳይሆን ስለ መቆፈርና ስለ መሞት ነው። ታዲያ ይህ የባሕር አልበም ነው ወይስ የሠራተኛ? ሻንቲ የሚባሉት የመርከበኞች የሥራ ዘፈኖችስ አሉበት? ሌላው ጥያቄዬ ስለ ዘፋኙ ነው። እኛ ቤት የሚመሰገነው ድምፀ መረዋ ነው፤ ይህ ሰው ግን ጉሮሮውን የታነቀ ይመስላል፤ ሆኖም ከልቤ ይገባል። ስለምን?

አንድ ነገር ልጨምር። የመጨረሻው ዘፈን ሊጀምር ሲል አለቃችን ሁልጊዜ ያጠፋዋል። ምክንያቱን ብጠይቀው «ሌላ ጊዜ» ብሎ ዝም አለ።

ሸክላ ሰብሳቢ (ለንደን) መለሰ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልቤን ነካው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እመልስልሃለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዳቸው።

አለቃህ «ናቪጌተር» ላይ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው በከንቱ አይደለም፤ የሚዘፈነው ስለ እናንተ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጀልባ የሚሄድበትን ቦይ የሚቆፍሩ ሰዎች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። የባቡር ዘመን ሲመጣ ያው ሰው አካፋና ዶማውን ይዞ ወደ ሐዲዱ ተሻገረ። ከእነዚህ ቆፋሪዎች መካከል ረሃብ ከአገሩ ያባረረው ብዙ አየርላንዳዊ ነበረበት። የዘፈኑ ደራሲ ፊል ጋስተን ይባላል። በዚያ ዘፈን ውስጥ የሚሞቱት ሰዎች ምልክት የላቸውም፤ መታሰቢያቸው የሠሩት ሐዲድ ብቻ ነው።

አንተ ካለህበት ብዙ ሳትርቅ ዉድሄድ የሚባል ስፍራ አለ። ከማንችስተር ወደ ሼፊልድ ይወስድ የነበረው ባቡር ተራራውን ያቋርጥበት የነበረው የመጀመሪያው ዋሻ እዚያ የተቆፈረው ከ1839 እስከ 1845 ነው። ርዝመቱ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። 32 ሰዎች ሞቱበት፤ ከዚያ እጅግ የሚበልጡት ቆሰሉ። ኤድዊን ቻድዊክ የተባለው የሕዝብ ጤና ተሟጋች ቁጥሩን አስልቶ፣ በዋሻው ሥራ ላይ የሞተው ሰው በመቶኛ ሲታይ በዋተርሉ ጦርነት ከሞተው የእንግሊዝ ወታደር እንደሚበልጥ አሳየ። በ1846 ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰ። ሰዎቹ ዛፍ በሌለበት ብርዳም ተራራ ላይ፣ በድንጋይና በሣር ጎጆ ይኖሩ ነበር። ደመወዛቸው በረጅም ጊዜ ልዩነት ይከፈላቸዋል፤ እስከዚያ ድረስ ከሥራ ተቋራጩ ሱቅ በውድ ዋጋ በዱቤ ይበላሉ። የደመወዝ ቀን ሲደርስ በእጃቸው የሚቀረው ጥቂት ነበር። ይህን ካወቅህ በኋላ ዘፈኑን እንደገና ስማው።

ወደ ሽፋኑ እንምጣ። ያየኸው ሥዕል የፈረንሳዊው የጄሪኮ ሥራ ነው፤ ዋናው ፓሪስ ሉቭር ውስጥ ተሰቅሏል። ፖግሶች የሥዕሉን ሰዎች ፊት በራሳቸው ፊት ተክተውታል። ሥዕሉ የሚያሳየው እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1816 ሜዱዝ የተባለች የፈረንሳይ መርከብ በሞሪታንያ ዳርቻ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። አለቆቹና ባለ ማዕረጎቹ ጀልባዎቹን ያዙ፤ ለቀሩት 147 ያህል ሰዎች እንጨት ተጠፍሮ ታንኳ ተሠራላቸውና ጀልባዎቹ በገመድ ሊጎትቷቸው ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ገመዱ ተለቀቀ። ከ13 ቀን በኋላ በሕይወት የተገኙት 15 ብቻ ነበሩ። ባሕር ነው ወይስ ሠራተኛ ብለህ ጠይቀሃል፤ በዚህ ሽፋን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ጀልባ የሚደርሰው ማን እንደሆነ፣ ገመዱን የሚለቀው ማን እንደሆነ ያሳያል።

ርዕሱን ያቀረበው የባንዱ ከበሮ መቺ አንድሩ ራንከን ነው። ትርጉሙ «ረም የተባለው መጠጥ፣ ግብረ ሰዶምና ጅራፍ» ሲሆን፣ ስለ እንግሊዝ ባሕር ኃይል ወግ ቸርችል ተናገረው እየተባለ የሚወራ አባባል ነው፤ ቸርችል ስለ መናገሩ ግን ማስረጃ የለም። አልበሙን ያስመረቁት ቴምስ ወንዝ ላይ በቆመችው ቤልፋስት በተባለች የቀድሞ የጦር መርከብ ላይ፣ የጥንት መርከበኛ ልብስ ለብሰው ነበር።

ስለ ድምፁ። ሼን ማክጎዋን የተወለደው በ1957 የገና ዕለት፣ እንግሊዝ ውስጥ፣ ከአየርላንዳውያን ወላጆች ነው፤ የልጅነቱን ጊዜ በከፊል ያሳለፈው አየርላንድ ውስጥ ቲፐሬሪ ባሉ ዘመዶቹ ቤት ነው። ለንደን ውስጥ ያደገው ፓንክ በሚባለው ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ መካከል ነው። እኔ በዚያ ዘመን ለንደን ነበርኩ። የአየርላንድ ታጣቂዎች የቦምብ ፍንዳታ በበዛባቸው በእነዚያ ዓመታት አንድ አየርላንዳዊ አፉን ሲከፍት ሰው ዘወር ብሎ ያየው ነበር፤ እኛም ስደተኞች ስለነበርን ያንን ዓይነት እይታ እናውቀዋለን። አንገቱን እንዲደፋ የተነገረው ትውልድ አኮርዲዮን፣ ባንጆና የቆርቆሮ ዋሽንት አንሥቶ፣ የአያቶቹን ዘፈን በፓንክ ፍጥነት ሲጮኸው አስብ። ፉከራ የሚፎክር ሰው ድምፁ ባይሻክር ማን ያምነዋል? የማክጎዋንም እንዲሁ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ኤልቪስ ኮስቴሎ ይህ ገብቶታል፤ ሌላ ባለሙያ አሳምሮ ሳያበላሻቸው እንዳሉ መቅዳት ሥራው እንደሆነ ያምን ነበር።

የአንተ ጎረቤት የሆነ ሌላ ዘፈንም እዚያ አለ። «ደርቲ ኦልድ ታውን» የሚዘፍነው ስለ ሳልፎርድ ነው። ኢዋን ማኮል የሳልፎርድ ልጅ ነው፤ ግጥሙን በ1949 ለአንድ ተውኔት ጻፈው። የጋዝ ፋብሪካው፣ ቦዩ፣ ጭሱ ሁሉ የዚያች ከተማ ነው። ብዙ ሰው ፖግሶች ስለ ዘፈኑት ዘፈኑ ስለ ደብሊን ይመስለዋል።

ስለ መጨረሻው ዘፈን ደግሞ እንዲህ ነው። «ኤንድ ዘ ባንድ ፕሌይድ ዎልትሲንግ ማቲልዳ» ይባላል፤ ስኮትላንድ ተወልዶ አውስትራሊያ የገባው ኤሪክ ቦግል በ1971 የጻፈው ነው። ጓዙን ተሸክሞ በነፃነት ይዞር የነበረ ሰው በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቱርክ ውስጥ ወዳለው ጋሊፖሊ ዘምቶ፣ ሁለት እግሩን አጥቶ ይመለሳል። በፖግስ ቅጂ ከስምንት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በዚያው ጋሊፖሊ፣ የእንግሊዝ ዩኒፎርም የለበሱ የአየርላንድ፣ የደብሊንና የመንስተር፣ ልጆች ገና ከጀልባ ሳይወርዱ በጥይት ረግፈዋል። የአለቃህን ቤተሰብ አላውቅም። «ሌላ ጊዜ» ካለ ግን ጠብቀው እንጂ አታስጨንቀው።

የሞተር ክፍል (በጉዞ ላይ) መለሰ፦

ባሕር ዳር የተማርኩ የመርከብ መሐንዲስ ነኝ። የሻንቲውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ምክንያቱም ሰው ስለ ባሕር የተዘፈነውን ሁሉ ሻንቲ ይለዋል። ሻንቲ የሥራ መሣሪያ ነው። እንደ መዶሻ ለአንድ ተግባር የተበጀ ነው።

በሸራ መርከብ ላይ ሸራውን የያዘውን ከባድ አግዳሚ ወደ ላይ ለመስቀል ሰዎች አንድ ገመድ ይዘው ይሰለፋሉ። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ከሳበ ጉልበቱ ይባክናል። ስለዚህ አውራጁ ብቻውን አንድ ስንኝ ያወጣል፤ በዚያች ጊዜ እጅ ያርፋል፣ ሳንባ አየር ይስባል። ተቀባዮቹ ሲመልሱ ደግሞ አዝማቹ ውስጥ በታወቁ ሁለት ቃላት ላይ ሁሉም እኩል ይስባሉ። መልሕቅ ማንሣት ሌላ ሥራ ነው። ካፕስታን የሚባለውን ቋሚ መዘውር በደረታቸው እየገፉ ይዞሩታል፤ እዚያ እርምጃ እንጂ መሳብና ማረፍ የለም። በመሆኑም የካፕስታን ዘፈን ረጅም አዝማች አለው፤ ሲሰሙት የሚያስኬድ ነው። ሸራው ተሰቅሎ ካበቃ ግጥሙ መካከል ላይ ቢሆንም ዘፈኑ ይቆረጣል፤ ሥራው ከረዘመ አውራጁ ስንኝ እየፈጠረ ያስረዝመዋል። ስለ ምግቡ መበላሸት፣ ስለ ካፒቴኑ ክፋት በቀጥታ ቢናገሩት የሚያስቀጣ ቃል በዘፈን ሲወጣ ይታለፍ ነበር።

አሁን ደግሞ ከርዕሱ ጋር የሚጋጨውን ነገር ልንገራችሁ። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከብ ላይ በሥራ ሰዓት መዝፈን በአብዛኛው ክልክል ነበር። የጦር መርከብ ብዙ መቶ ሰው ስለሚይዝ በፉጨት፣ ቢበዛም በቫዮሊን ያሠሩት ነበር። ሻንቲ የነጋዴ መርከብ ልጅ ነው። ባለቤቱ ትርፍ ለማብዛት የሠራተኛውን ቁጥር ይቀንሳል፤ የጎደለውን ክንድ ዘፈኑ ይሞላል። እኔ ስለ ሻንቲ ሳስብ ከዜማው በፊት የሚታየኝ ይህ ነው።

ብዙ ሰው የማያነሣው ሌላም አለ። አውራጅና ተቀባይ ያለው ይህ ቅርጽ በከፍተኛ ደረጃ የመጣው ከጥቁር አሜሪካውያንና ከካሪቢያን የወደብ ሠራተኞች ነው። በአላባማ የሞባይል ከተማ ወደብና በኒው ኦርሊንስ፣ የጥጥ እስር በመርከብ ሆድ ውስጥ በትልቅ ብሎን እየገፉ ሲጠቀጥቁ የሚዘፍኑትን ነጭ መርከበኞች እየሰሙ ወሰዱት።

ለጥያቄህ ቀጥተኛ መልስ፦ በ1985ቱ አልበም ላይ ንጹሕ ሻንቲ የለም። በ1984 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ግን «ፑር ፓዲ» አለ። የ1840ዎቹን ዓመታት አንድ በአንድ እየቆጠረ የሐዲድ ሠራተኛውን ኑሮ ይናገራል፤ መርከበኞችም መልሕቅ ሲያነሡ ይዘፍኑት ነበር። ሐዲድ ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። በ1988ቱ አልበም ሲዲ ላይ ያለው «ሳውዝ አውስትራሊያ» ደግሞ ትክክለኛ የካፕስታን ሻንቲ ነው።

ሻንቲን የገደለው እንፋሎት ነው። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት፣ የቀይ ባሕር ነፋስ ለሸራ ስለማይመች የምሥራቁ ንግድ ወደ ባለ ሞተሮቹ ዞረ። ስታን ሂዩጊል የተባለው እንግሊዛዊ በሥራ ላይ ሻንቲ ካወረዱት የመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር፤ የተሳፈረባት ጋርዝፑል በ1929 ኬፕ ቨርዴ አጠገብ ተሰበረች። እሱ ግን እስከ 1992 ኖሮ የሚያውቀውን ሁሉ በመጽሐፍ አስቀመጠልን። ዛሬ እኛ ወደብ ስንደርስ ገመዱን የሚስበው ዊንች የሚባለው መጎተቻ ማሽን ነው። እኔ ባለሁበት ክፍል ደግሞ ጆሮ መሸፈኛ ሳያደርጉ መግባት አይፈቀድም፤ እንኳን ዘፈን የጎን ባልደረባም አይሰማም። እዚያ ውስጥ ሆኜ የነዚያን ሰዎች ድምፅ እናፍቃለሁ፤ ሥራቸውን ግን አልመኝም።

የወፍጮ ዜማ (ዋሽንግተን ዲሲ) መለሰች፦

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ፤ ነገር ግን ልቃወም ነው።

አንደኛ፣ ፍጥነቱ። መሐንዲሱ ወንድማችን እንዳስረዳው የሥራ ዘፈን የሚለካው በሰው እስትንፋስ ነው። በፖግስ ፍጥነት ገመድ የሚስብ ሰው ትከሻው ይወልቃል። ያ ሙዚቃ ጉልበት አለው፤ እኔም ስሰማው እነሣለሁ። ነገር ግን ዘፈኑን ከሥራው አውጥቶ ወደ መጠጥ ቤት ወስዶታል፤ ድካሙ ከውስጡ ጠፍቷል። በዝግታ ስለ ተጫወቱት «ደርቲ ኦልድ ታውን» ላይ አልፈርድም፤ እሱ ያማረ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። በዚያ አልበም ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ይዘምታሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይሞታሉ። የሴት ሥራ የት አለ? የባንዱ ባስ ተጫዋች ኬት ኦሪየርዳን አንድ ዘፈን ታወጣለች፤ እሱም የወንድ ቃል ነው። እናቴ ጎጃም ውስጥ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ ስታንጎራጉር ነው ያደግሁት፤ ከድንጋዩ ጋር ወደ ፊት ስትሄድ ስንኙ ይሄዳል፣ ስትመለስ ይመለሳል። ስለዚህ የሠራተኛ ዘፈን ሲባል ወንዱን ብቻ መስማት አልችልም።

በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ያሉ ሴቶች አዲስ የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ አርጥበው፣ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ጨርቁ እስኪጠብቅ ድረስ እየመቱ ይዘፍኑ ነበር። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ምቱን የሚሰጠው የጨርቁ ድምፅ ነው። ቋንቋው ጌሊክ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገና ሥራውን የሚያውቁት ሴቶች ሳሉ ተቀድቷል፤ በ1951 የተቋቋመው የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ተቋም ብዙውን ሰብስቦ ይዟል። የሥራ ዘፈን የሚፈልግ ሰው ያንን ይስማ።

ማኮልን ከወደዳችሁ ደግሞ ከፔጊ ሲገርና ከቻርልስ ፓርከር ጋር ለቢቢሲ የሠሩትን የሬዲዮ ዝግጅት ፈልጉ። በ1960 የቀረበው ስለ ሄሪንግ ዓሣ አጥማጆች ነው። በ1878 የተወለደው የኖርፎክ አጥማጅ ሳም ላርነር በገዛ አንደበቱ ይናገርበታል። ዓሣውን እያጸዱ በርሜል ውስጥ የሚጨምሩት ሴቶችም ከስኮትላንድ እስከ እንግሊዙ ያርማውዝ ወደብ ዓሣውን እየተከተሉ ይወርዱ ነበር፤ ጣታቸውን ከቢላ ለማዳን በጨርቅ ጠቅልለው ይሠራሉ። ጨው በቁስል ሲገባ ምን እንደሚመስል አስቡት። ፖግስ ይህን አልዘፈነም።

ሸክላ ሰብሳቢ (ለንደን) መለሰ፦

እህቴ፣ ስለ ሴቶቹ ያልሽውን እቀበላለሁ፤ የምጨምርበት የለኝም። ስለ ፍጥነቱ ግን አልስማማም።

ያ ዘፈን ወደ ገመዱ ይመለስ ዘንድ አልተዘፈነም፤ መሐንዲሱ እንደነገረን ገመዱ የለም። በ1985 ካምደንና ኪልበርን በተባሉት የለንደን ሰፈሮች ውስጥ የሚሰሙት ወጣቶች የሕንፃ ሠራተኛ ልጆች ነበሩ፤ አባቶቻቸው ማለዳ መንገድ ዳር ቆመው በጭነት መኪና እየተመረጡ ለቀን ሥራ ይወሰዱ ነበር። ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሲዘሉ አይቻቸዋለሁ። ዘፈኑ ቀድሞ ሰዎችን ለአንድ ገመድ ያስተባብር ነበር፤ እዚያ ደግሞ ራሳቸውን ከማፈር ለማዳን አስተባበራቸው። ይህም ሥራ ነው፤ ፍጥነቱም ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ነው።

ደግሞ ድካሙ ጠፍቷል አልሽ። «ዚ ኦልድ ሜን ድራግ» የሚለውን ስሚው። በ16 ዓመቱ ለንደን የገባ ልጅ ጎዳና ላይ ገላውን እስከ መሸጥ ሲደርስ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሲደበደብ፣ ከሥሩ አንድ ወጥ ድምፅ ሳያቋርጥ ይዘልቃል። እዚያ ውስጥ ፍጥነትም ጭፈራም የለም።

የማኮልን ስም ስላነሣሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ1987 ከፖግስ ጋር ታላቁን የገና ዘፈናቸውን የዘፈነችው ከርስቲ ማኮል የእሱ ልጅ ናት። ማክጎዋን ኅዳር 30 ቀን 2023 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር አርፎ፣ ቲፐሬሪ ኒና ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲሸኝ ያው ዘፈን ተዘፈነ፤ ቤተሰቡም ተነሥቶ ጨፈረ። በቀብር ላይ መጨፈር ለእኛ ይከብዳል። እኔ ግን በቴሌቪዥን እያየሁ አለቀስኩ።

የሌሊት ፈረቃ (ማንችስተር) መለሰ፦

ጋሼ፣ እህቴ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት በእረፍት ሰዓት የዉድሄድን ነገር ለአለቃችን አነሣሁለት። ፊቱ በራ። ከ1981 ወዲህ ባቡር እንደማይሄድበት፣ ዛሬ በኋላ የተሠራው ዋሻ የኤሌክትሪክ ኬብል ተሸክሞ እንደሚያልፍ ነገረኝ። አሮጌው ሐዲድ የነበረበት የእግር መንገድ ሆኗል፤ እሑድ ሊወስደኝ ተስማምተናል። «ፑር ፓዲ»ንም እኔ ከስልኬ ከፍቼ አሰማሁት፤ ቃሉን በሙሉ ያውቀዋል። አብረውን ያሉት ሁለት ፖላንዳውያንና አንድ ኤርትራዊ ወንድማችን ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ አዝማቹን ተቀበሉ። ስለ መጨረሻው ዘፈን አልጠየቅሁትም።

ዋሽንግተን ላሉት እህቴ፦ የጨርቅ መምቻ ዘፈኖቹን በኢንተርኔት ፈልጌ ብዙ ስላገኘሁ ከየትኛው እንደምጀምር አላወቅሁም። ከሥራው ድምፅ ጋር የተቀዳ፣ የጠረጴዛው ምት በደንብ የሚሰማበት አንድ ቢጠቁሙኝ? መሐንዲሱ ወንድሜም ውኃ በፓምፕ ሲያወጡ የሚዘፈን ሻንቲ የምታውቅ ከሆነ ጻፍልኝ፤ እኛም ዝናብ በጣለ ሌሊት ከሐዲድ ሥር ውኃ እናወጣለን።